መሬቱ ደብተር አለው፣ የውሃው ተራስ?

ባለፈው ጥር ሸዋ ሮቢት አጠገብ፣ ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈ አሮጌ ቦይ ዳር ከአጎቴ ጋር አንድ ሌሊት አድሬ ነበር። የሱ ተራ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ባትሪና አካፋ ይዘን ሄድን፤ በሳርና በጭቃ የተደፈነውን የቦዩን አፍ ከፍቶ ውሃውን ወደ ሽንኩርቱ መራው። ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን ቀጭን ውሃ ነበር። አራተኛው መደብ ላይ ሳይደርስ ጭራሽ ቆመ። አጎቴ አካፋውን ተደግፎ ጆሮውን ወደ ላይኛው በኩል አቀና። የሞተር ድምፅ ይሰማል። «ዛሬም ቀደመን» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ከጠለፋው በላይ መሬት የተከራየ አንድ ሰው ሁለት ፓምፕ ተክሏል። ሲያሻው ቀን፣ ሲያሻው ሌሊት ይስባል። አጎቴና ጎረቤቶቹ፣ ሽንኩርቱ ኮረት በሚይዝበት ሰሞን፣ ሁለት ተራ ተከታትሎ አመለጣቸው። የሽንኩርት ሥር ጥልቅ አይደለም፤ በዚያ ቆላ ፀሐይ ውሃ ያጣ መደብ ለማስታወቅ ጊዜ አይፈጅበትም። አቤት ለማለት ወደ አንድ ቢሮ ሄዱ። «የተጻፈ ነገር አላችሁ?» ተባሉ። አልነበራቸውም። «እንግዲያው በሽማግሌ ጨርሱት» ተብለው ተመለሱ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ያ መልስ ነው። ነገሩን ለአንድ ሕግ ለተማረ ወዳጄ ስነግረው፣ «ባህላዊ መስኖ እኮ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ገበሬው ምን መብት ጎደለው?» አለኝ። ስለ ፈቃዱ ያለው ልክ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውሃን የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል። ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውለውን ከሌላው ሁሉ ያስቀድማል። ውሃ የሚጠቀም ሁሉ ፈቃድ ያውጣ ካለ በኋላም በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድን፣ ባህላዊ መስኖን፣ ባህላዊ የከብት እርባታንና የውሃ ወፍጮን ከፈቃድ ነፃ ያወጣል። አርሶ አደሩን ከቢሮ ምልልስ ያዳነ በጎ ድንጋጌ ነው፤ ይሻርም አልልም።

ችግሩ ክርክር የተነሳ ቀን ነው። ፈቃድ ያወጣው ወረቀቱን ያወጣል፤ ወረቀቱ ላይ የተፈቀደለት ተጽፏል። አባቱም አያቱም ከዚያው ቦይ ያጠጡት ሰው ግን እጁ ባዶ ነው። የቆየ ልማድ አለን ቢል ማን ይመሰክርለታል? ያው ተራ የሚጋሩት ጎረቤቶቹ፤ እነሱንም «የጉዳዩ ባለቤቶች ናችሁ» ብሎ መመለስ አይከብድም።

መሬቱን ግን ተመልከቱ። በአማራ ክልል አርሶ አደሩ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለው። የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አለበት፤ አዋሳኙ ማን እንደሆነ ተጽፎበታል። ሰው ወሰን ቢገፋበት ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የአጎቴን ደብተር ገልጬ አየሁት። ስለ ቦዩ አንድ ቃል የለበትም። በዚያ አገር ደግሞ ዝናብ ብቻ የሚጠብቅ መሬትና ከቦይ የሚጠጣ መሬት፣ ስፋታቸው እኩል ቢሆን እንኳ፣ በኪራይም በምርትም አይገናኙም። አንዱ በዓመት አንዴ ማሽላ ወይ ማሾ ያበቅላል፤ ሌላው በበጋ ሽንኩርት ይደግማል። ወሰኑን ስንዝር የገፋ ይከሰሳል፤ ውሃውን ከአናቱ የወሰደ ግን ማሳውን እንዳለ ዋጋ እያሳጣው በሽማግሌ ይሸመገላል።

ሽምግልናውን እየናቅሁ እንዳይመስል። ቦዩን እስከዛሬ ያኖረው መንግሥት አይደለም፤ የውሃ አባት ነው። ተጠቃሚው ራሱ ይመርጠዋል። ክረምቱ ሲወጣ ሰው ጠርቶ ቦይ ያስጠርጋል፣ ጎርፍ የወሰደውን ጠለፋ ያስጠግናል፣ ተራ ያወጣል፣ ሌሊት ውሃ የሰረቀውን ይቀጣል። ቅጣቱ የሚሠራው ግን ቦዩን በሚጋሩት መካከል ነው። ተቀጪው ነገም ከነሱው ጋር ለቅሶ ይደርሳል፣ እድር ይቀመጣል። ከሌላ ከተማ መጥቶ ለሁለት በጋ መሬት የተከራየ ባለ ፓምፕ በዚህ ገመድ አልታሰረም። የውሃ አባቱ ቢልክበት «አንተ ማነህ?» ይላል፤ ሕጉም ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ አላዘጋጀለትም። የሰውየው ፓምፕስ ባህላዊ መስኖ ነው? እኔ አይደለም እላለሁ። ነዳጅ እያቃጠለ ወንዙን ከጠለፋው በላይ የሚያጎድል ሞተር፣ በድንጋይና በሳር ለተገደበ ጠለፋ በተሰጠው ነፃነት ሊጠለል አይገባም።

ይህ የቆላው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ደጋውና ቆላው በሚለያዩበት በጣርማ በር ላይ የቆመ ሰው ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ዝናብ አዋሽ እንደሚገባ፣ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ደግሞ በጀማ ወንዝ አድርጎ ዓባይ እንደሚደርስ ያውቃል። ከእኛው ደጋ የሚነሳው የከሰም ወንዝ አፋር ክልል ሲደርስ ግድብ ተሠርቶለት ሸንኮራ አገዳ ያጠጣል። በሌላው ወገን የበሬሳ ወንዝ ደብረ ብርሃንን አቋርጦ ያልፋል። ከተማዋ ደግሞ ፋብሪካ እየጨመረች፣ የኢንዱስትሪ ፓርክም ተከፍቶባት፣ ከዓመት ዓመት እየሰፋች ነው። ከከተማው በታች ከብቱን የሚያጠጣውና ጎመኑን የሚተክለው ገበሬ የሚደርሰው የተረፈው ውሃ ነው፤ መጠኑንም ጥራቱንም የሚወስነው ሌላ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኙ ወንዞችን አጠቃቀም የመወሰንና የማስተዳደር ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። በዚህ ስሌት ወንዞቻችን ከመነሻቸው የፌዴራል ጉዳይ ናቸው። ውሳኔው ወደ ላይ በራቀ ቁጥር፣ እታች ያለው ተጠቃሚ በመዝገብ ካልታወቀ፣ ሲወሰን የሚያስታውሰው የለም።

መፍትሔው አዲስ አዋጅ የሚጠይቅ አይመስለኝም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ትልቅ በር ከፍቷል። ኅብረት ሥራ ማኅበር በፈቃደኝነት የሚገባበት ነው፤ ያልገባውም ከቦዩ ይጠጣል፣ ለጠረጋ ሲጠራ ግን አይመጣም። ይህ አዋጅ ግን መስኖው በሚያጠጣው ስፍራ መሬት ያለውን ሁሉ አባል ያደርጋል፤ ማኅበሩም በሕግ የታወቀ አካል ይሆናል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። እንግዲህ የውሃ አባቱን ሥልጣን ሳያፈርሱ በዚህ ጥላ ሥር ማስገባት ይቻላል። ማኅበር የማቋቋሙ ሥራ በዘመናዊ ግድቦች ላይ ብቻ ከቀረ ግን ሽማግሌው ቦይ እንደተረሳ ይቀራል።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ቀበሌው የውሃ አባቱን ይዞ ቦዩን ከጠለፋው እስከ ጭራው በእግሩ ይሂድበት። ጠለፋው የት እንደሆነ፣ ስንት አባወራና እማወራ እንደሚጠጣ፣ ተራው በስንት ቀን እንደሚዞር፣ ጭራው ላይ ያለው ማን እንደሆነ ይጻፍ፤ ይነበብ፤ የተቃወመ ይሰማ፤ ማኅተም ይመታበት። ፍሬ ነገሩም በእያንዳንዱ ሰው የይዞታ ደብተር ላይ ይስፈር። ከዚያ በኋላ ከጠለፋው በላይ ፓምፕ የሚተክልም ሆነ የውሃ ፈቃድ የሚጠይቅ፣ እታች ያሉት ሳይጠየቁ እሺ አይባል።

ሲመዘገብ ደግሞ የሴቶቹ ነገር ቸል እንዳይባል እለምናለሁ። በዚያው ቦይ ጭራ ላይ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት አሉ። ተራቸው ሌሊት ሲሆንባቸው ብቻቸውን ወጥተው ውሃ መጠበቅ ስለማይችሉ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተዋል። ስማቸውና ፎቶአቸው ደብተሩ ላይ አለ፤ የምርቱ ግማሽ ግን የሌላ ሰው ነው። ተራው ሲጻፍ የቀን ተራ ለማን ይቅደም የሚለው አብሮ ቢጻፍ፣ ለእሳቸው ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

አጎቴ ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው። የአርባ ሁለቱን ቤተሰብ ተራ ከነቀኑ በቃሉ ይወጣዋል። በዚያው ሰሞን አጠገቡ ተቀምጬ በአንድ ደብተር ላይ ስጽፍ ሁለት ምሽት ፈጀብን፤ ሁለት ቦታ ላይ ከጎረቤቱ ጋር ተከራክረው አረሙት። በመስከረም መጨረሻ ሰው ለቦይ ጠረጋ ሲሰበሰብ ደብተሩን ይዞ ሊያነብላቸው አስቧል። የቀበሌው ሰው ያን ቀን አብሮ ቢገኝ፣ ምዝገባው በአንድ ረፋድ ያልቃል።