ለክቡር የተገለበጠ ድርሰት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ክፍሌን እንዲለቁልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከቀይ እስክሪብቶዬ በስተቀር ደህና ነኝ። እሱ በእርስዎ ምክንያት ቀለሙን ጨርሷል።

ባለፈው ሳምንት ለተማሪዎቼ «ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤት» የሚል ርዕስ ሰጠሁ። ባሕር ዳር ላይ በጠዋት ከቤቱ የወጣ ልጅ የሚጽፈው አያጣም ብዬ ነው። ባጃጁ አለ፣ ዓሣ ሻጩ አለ፣ ከዘጌ በኩል እንጨት ጭኖ የሚመጣው ታንኳ አለ። ደብተሮቹን ሰብስቤ ጣና ዳር ቡና ይዤ ብቀመጥ፣ ከየደብተሩ ብቅ ያሉት እርስዎ ነዎት። «ጣና በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ሲሆን ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። 37 ደሴቶችም አሉት።» ልጁ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ደሴቶቹን ሁሉ አዳርሶ ከሆነ፣ በየቀኑ ማርፈዱ አይገርመኝም።

የሚያናድደው መረጃዎ ልክ መሆኑ ነው። ሐይቁ ይኸው ፊቴ ተንጣልሏል፣ ዓባይም ከዚሁ ይወጣል። ምኑን ላርመው? «ወደ ባሕር ዳር የሚመጡ ጎብኚዎች ማረፊያቸውን አስቀድመው ቢይዙ ይመረጣል» የሚለው ምክርዎም ደግ ነው። ብቻ ይህን ያስረከበኝ ልጅ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ የዓባይን ድልድይ በቀን ሁለቴ የሚሻገር ነው። ማረፊያውም እናቱ ቤት ነው።

ተከታዮችዎ ደግሞ ታማኝነታቸው! «በሥዕል 3 እንደሚታየው» ይላሉ፤ ሥዕል 1 እንኳ የለም። የኋላው ረድፍ እንዳለ «በደሴቶቹ ላይ ጥንታዊ ገዳዮች ይገኛሉ» ብሎ ጽፏል። ገዳማት ለማለት ነው። አንዱ ተሳሳተ፣ ሌሎቹ አመኑት። (መነኮሳቱ እንዳይሰሙ።) አንዷ ጎበዝ ደግሞ፣ እንዴት ያለ ቆንጆ የእጅ ጽሕፈት መሰለዎት፣ መደምደሚያዋን እንዲህ አሳመረችው፦ «ለተጨማሪ ቻናላችንን ይቀላቀሉ፣ ለጓደኛዎ ሼር ያድርጉ።» ከሥሩ በማስመሪያ አሰመረችበት። እኔም ከጎኑ «ተቀላቅያለሁ» ብዬ ጻፍኩላት። ምን ላድርግ?

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የአንዱን ልጅ ደብተር ነው። እርስዎን ገጽ ሙሉ ገልብጦ ሲያበቃ፣ መሃል ላይ ድምጥማጡ እንዲጠፋ የተሰረዘ አንድ መስመር አለ። ወደ ብርሃን ይዤ አነበብኩት። «የባጃጁ ጎማ ፈነዳና ሁላችንም ወርደን ገፋን። ሹፌሩ ግን ሒሳብ አልቀነሰልንም።» ይህችን ነው የሰረዛት! ከእርስዎ አጠገብ ስትቀመጥ አፍሮባት ነው መሰለኝ። ለገጹ ዜሮ፣ ለተሰረዘችው ሰባት ከአሥር ሰጠሁ። ልጁ ደብተሩን አይቶ እየሮጠ መጣ። «ቲቸር፣ የተሰረዘውን ነው እኮ ያረሙት!»

ጥፋቱን ሁሉ እርስዎ ላይ አልደፈድፍም። ሸምድዶ የጻፈ ሲጨበጨብለት እያየ ያደገ ልጅ፣ ባጃጅ መግፋት ይጻፋል ብሎ ከየት ያምጣው?

የሰኞው ርዕስ «ትናንት ማታ ቤታችን ምን ተባለ?» የሚል ነው። ቻናሉ ላይ ካለ አስቀድመው ይንገሩኝና ልቀይረው።

ከሰላምታ ጋር
የአማርኛ መምህር፣ ባሕር ዳር