ቅጠሌ እንዴት አደረች?

ዛሬ ቅዳሜ፣ ገና 12፡30 ላይ የግቢዬ በር ተንኳኳ። በነሐሴ ብርድ፣ በጣፎ ጭቃ፣ በዚያ ሰዓት የሰው በር የሚያንኳኳ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ማን ሞቶ ይሆን እያልኩ ብከፍት ጋሽ ሞስኮ በቦቲ ጫማ ቆመዋል። እንደምን አደርክ የለ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ የለ።

«ቅጠሌ እንዴት አደረች?»

ልብ በሉልኝ፤ «ቅጠልህ» አላሉም። ግቢው የኔ ነው፣ አፈሩ የኔ ነው፣ ሦስት ጆንያ ፍግ ተሸክሜ ወገቤን የተቀጨሁት እኔ ነኝ። ቅጠሏ ግን የሳቸው ናት። ክርስትና እንዳነሷት ልጅ በየሳምንቱ እየመጡ ይጠይቋታል፤ ከስታ እንደሆነም የሚጠየቀው አሳዳጊው ነው።

ጋሽ ሞስኮ የሰፈር ስማቸው ነው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄደው ስድስት ዓመት ቆይተው ሁለት ነገር ይዘው ተመለሱ፤ ዲፕሎማና የሾርባ ናፍቆት። ዲፕሎማው ጡረታ ወጥቷል። ናፍቆቱ ግን እስካሁን በሥራ ላይ ነው። አምና ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው የዚያን ሾርባ ቅጠል ዘር ላከችላቸው። ሶረል ይባላል፤ ሩስያዎቹ ሽቻቬል ይሉታል። ቅጠሉ ሾጠጥ ያለ ነው፤ በአገዳው በኩል ወደ ኋላ የተቀሰሩ ሁለት ጆሮዎች አሉት። ሲያኝኩት እንደ ሎሚ አፍ ይጨመድዳል። ከድንች ጋር ይቀቀልና የተቀቀለ እንቁላል ተከትፎበት፣ ላዩ ላይ የኮመጠጠ ክሬም ጠብ ተደርጎበት አረንጓዴ ቦርሽ ይሆናል። ጋሽ ሞስኮ ይህን ሲያወሩ ዓይናቸው ዕንባ ያቀርራል። እንቁላልና ክሬም ስላለበት ግን በፆም ቀን አይወራም።

ችግሩ ሶረል አንዴ ከያዘች አለመሞቷ ነው። ሥሯ ዓመት ዓመትን እየተሻገረ ይሰፋል፤ በአካፋ ለሁለት ለሦስት ሰንጥቆ መትከል ብቻ ነው። የሚሰነጠቅ ነገር ደግሞ ይታደላል። ሰኔ ላይ ጋሽ ሞስኮ ፌስታል በፌስታል ሆነው ሰፈሩን አዳረሱት። የሌማት ትሩፋት ከተጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የኛ ማኅበር ቤቶች በአሮጌ ጎማና በተቆረጠ ጀሪካን ተሞልተዋል፤ ስለዚህ ቦታ የለኝም ብሎ ማምለጥ አይቻልም። ቦታ ከሌለህ ጀሪካኑንም ያመጡልሃል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሌላ ፌስታል ይዘው ብቅ አሉ። «ይኼ ባሏ ነው» አሉኝ። ለካ ሶረል ወንዱና ሴቱ ለየብቻ የሚበቅል ተክል ነው፤ ዘር ከተፈለገ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሽምግልና ሳይላክ፣ አሳዳጊ ሳይጠየቅ፣ በፌስታል የመጣ ሙሽራ ከቃሪያዬ ጎን ተተከለ።

መቀበል ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። እኛ ሰፈር ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ሳህን ይዞ የመጣ ሳህኑ የሆነ ነገር ይዞ ይመለስለታል፤ እናቶቻችን ያቆዩልን ደግ ልማድ ነው፣ ክፉ አልናገረውም። ፌስታል ግን ዕቃ ነው ወይስ አይደለም? ይህን የወሰነ ሽማግሌ እስካሁን የለም። እኔ ለማንኛውም ብዬ ፌስታሉን በጎመን ሞልቼ መለስኩ። በነሐሴ ጣፎ ላይ ለሰው ጎመን መስጠት ለጣና ውሃ መላክ ነው። እሳቸው ለጎረቤት አስተላለፉት፣ ጎረቤት ለጎረቤት አስተላለፈ፣ በሦስተኛው ቀን የራሴ ጎመን በሌላ ሰው ፌስታል በሬ ላይ ደረሰ። አወቅኩት። ጫፍ ጫፉን ትል የበላው እኔ ጋ ሳለ ነው።

«ጎመን በጤና» እያልኩ ተቀበልኩ። ይቺን ተረት እወዳታለሁ፤ አባቴ ደመወዝ ባለቀ ቁጥር ይላት ነበር። ሳስበው ግን ያወጣት ሰው ጎመን ብቻ እየበላ የኖረ አይመስለኝም። ጎመን ብቻ የበላ ሰው ተረት የሚያወጣው ስለ ሥጋ ነው። ደግሞም ያው ሕዝብ፣ በዚያው አፉ፣ ክረምቱ ሲወጣ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ብሎ ጎመንን ከቤት ያባርራል። ጤናውስ? ጤናው ከምንቸቱ ጋር ወጣ? እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ዛሬ ይህን ተረት ለሌላ ሰው የሚተርተው ማን እንደሆነ ሳይ ነው። የቤት ኪራይ ተጨምሮበት፣ የልጅ ክፍያ ደርሶበት ግራ የገባውን ሰው ትከሻ መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ ጎመን በጤና» የሚለው ሁልጊዜ ጥርሱ መሀል ጥብስ የተሰካበት ነው። ስቴኪኒውን እንኳ ከአፉ አያወጣም።

ምን እያልኩ ነበር? ሶረል።

መጀመሪያ የሠራናት ልጄ ስልኳ ላይ «ሶረል» ብላ ፈልጋ ነው። ደማቅ ቀይ መጠጥ በበረዶ መጣላት። ጃማይካዎች ሶረል የሚሉት እኛ ከርከዴ የምንለውን እንደሆነ ማን ይንገራት! ቅጠሏን በስኳር ቀቅላ ቀይ እስኪሆን ግማሽ ሰዓት ጠበቀች። ቀይ አልሆነም። እሳት እንደነካው ያ ሁሉ ልምላሜ የአሮጌ ካኪ ሱሪ መልክ ያዘ። በማግስቱ ባለቤቴ እንደ ጎመን በሽንኩርት ልታበስላት ሞከረች፤ አንድ ፌስታል ሙሉ ቅጠል ሟሽሾ ሁለት ጉርሻ ሆነ፣ ሁለቱም ጉርሻ ቁልፍ የመላስ ያህል ብረት ብረት አሉ። ለጋሽ ሞስኮ ብነግራቸው ሳቁብኝ። «በብረት ድስት? አሲድ አላት እኮ! ደግሞ ኩላሊቱ ላይ ጠጠር ላለበት ሰው ብዙ አትሆንም።» ይህን የነገሩኝ ከበላሁ በኋላ ነው። ያን ሌሊት ኩላሊቴን ሳዳምጥ አደርኩ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሶረልን የተከልኩበት ቦታ ባዶ አልነበረም። ቱልት ነበረበት። እናቴ ሆድ ቁርጠት ሲነሳባት ሥሯን እያኘከች የምትተኛላት ቱልት፣ በየቦዩ ዳር ማንም ሳያጠጣት የምትፋፋዋ። እሷን በዶማ ነቅዬ ነው ለእንግዳዋ ቦታ ያዘጋጀሁት። በኋላ ሳጣራ ሁለቱ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው! የዕፅዋት ሊቃውንት ሩሜክስ በሚሉት አንድ ወገን ይመድቧቸዋል። ቅቤ ሲነጠር ቀለሙን ወርቅ የሚያስመስለው፣ ደም ብዛት ያለበት ሁሉ እያፈላ የሚጠጣው መቅመቆም የነሱው ወገን ነው። ልጅ ሆነን ከትምህርት ቤት ስንመለስ አገዳውን ልጠን እያኘክን አፋችንን የምናኮማትርበት እምቧጮም እንደዚሁ። ያ ኮምጣጣ ጣዕም አጥራችን ሥር ነበር እኮ። ግን ያው ነው፤ ከውጭ የመጣ ዘመድ አልጋ ይለቀቅለታል፣ አገር ቤት የቀረው መደብ ላይ ይተኛል።

ስለ አገር ቤት ቅጠል ካነሳሁ ኮባዬን ሳልጠቅስ አላልፍም። ዝም ልል ነበር፤ አልችልም። አንድ የእንሰት ተክል ነበረችኝ። ጉራጌው የሥራ ባልደረባዬ ባያት ቁጥር ይስቃል፤ «ቆጮውን አቁማችሁ ቅጠሉን ትለብሳላችሁ» ይላል። እውነቱን ነው፤ እኛ የምንፈልጋት ለድፎ ዳቦ መጠቅለያ ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. ለቡሄ ዋዜማ የፊት ለፊቷ እትዬ «ሁለት ቅጠል ብቻ» ብለው ገቡ። እኔ ሥራ ነበርኩ። ማታ ስገባ ኮባዬ ራሷን የተላጨች ሐዘንተኛ መስላ ቆማለች። ዘጠኝ ቅጠል! መሀል ላይ ገና ያልተፈታውን ጥቅሉን ሳይቀር። በማግስቱ ምን ቢልኩልኝ ጥሩ ነው? አንድ ቁራሽ ዳቦ። ለዘጠኝ ቅጠል አንድ ቁራሽ፣ እሱም ከዳር። ሳህናቸውን ባዶውን መለስኩ። በዚህ ሰፈር ታሪክ ሳህን ባዶውን የመለስኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ እሳቸውም ይህንኑ እስካሁን ለሰው ያወራሉ። ስለ ዘጠኙ ቅጠል ግን አያወሩም።

እና ሐሙስ ዕለት የኚሁ እትዬ ዶሮዎች አጥር ሾልከው ገቡ። ሶረልን እስከ ሥሯ ድረስ ለቀሟት። ባሏንም።

ምን ላድርግ? ለጋሽ ሞስኮ ልጃቸው የላከችውን ዶሮ በላው ልበላቸው? ማታ ባትሪ ይዤ ወደ ቦዩ ወረድኩ። ጥሩ ጥሩዋን ቱልት መርጬ፣ ሰፋ ሰፋ ያለውን ቅጠል ቆራርጬ፣ ከነአፈሯ አምጥቼ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ተከልኳት። ያባረርኳት ቱልት ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ጋሽ ሞስኮ ጎንበስ ብለው ሲያይዋት እኔ ትንፋሼን ውጬ ነበር። አገላበጧት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ጆሮዋን ጥላለች» አሉ።

«አየሩ ይሆናል ጋሼ።»

«አየሩ ነው። ግን ወፍራለች! የኔዋ እንኳ እንዲህ አልሆነችም።» ከኪሳቸው ፌስታል አወጡ። «እስቲ ከጎኗ ትንሽ ሰንጥቅልኝ፤ ለፊት ለፊቷ እትዬ ልስጥ፣ ደጋግመው ጠይቀውኛል።»

ሰንጥቄ ሰጠኋቸው።

ነገ ከቅዳሴ መልስ ሾርባ ተጠርተናል። ድስቱ ሸክላ ነው ብለዋል።