ማስተካከያ፦ ዣን ኮክቶ የሱሪያሊስቶች አባል አልነበረም

ስለ ፈረንሳዊው ገጣሚና ፊልም ሠሪ ዣን ኮክቶ (1889–1963 እ.ኤ.አ.) ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ ሁለት ነገሮች መስተካከል አለባቸው።

አንደኛ፣ «የሱሪያሊስቶች ቡድን አባል ነበር» ተብሏል፤ ሱሪያሊስቶች ሕልምንና ከንቃተ ኅሊና ውጭ ያለውን ዓለም በሥራቸው የሚያሳዩ ጸሐፊዎችና አርቲስቶች ናቸው። አልነበረም። እንዲያውም የቡድኑ መሪ አንድሬ ብሬቶን ዓይኑን ማየት አይፈልግም ነበር። መምታታቱ አይገርምም። «የገጣሚው ደም» ለተባለው የኮክቶ የመጀመሪያ ፊልም ገንዘብ ያወጡት መኳንንት፣ የሱሪያሊስቱን ፊልም ሠሪ የሉዊስ ቡኙኤልንም ፊልም ደግፈዋል። የቡኙኤል ፊልም ፓሪስን ሲያናውጥ፣ በ1930 የተቀረጸው የኮክቶ ሥራ እስከ 1932 ድረስ ሳይታይ ቆየ። ለኮክቶ የሌላ ሰው ጣጣ ነው የተረፈው።

ሁለተኛው፣ ሰው በመስታወት ውስጥ አልፎ የሚገባበት ትዕይንት ነገር ነው፤ ጽሑፉ በ«የገጣሚው ደም» ውስጥ በሜርኩሪ (በፈሳሽ ብረት) ተሠራ ብሎ ነበር። በሜርኩሪ የተሠራው ትዕይንት የ«የገጣሚው ደም» ሳይሆን በ1950 የወጣው የ«ኦርፌ» ነው። በመጀመሪያው ፊልም ተዋናዩ መስታወት መስሎ በተዘጋጀ የውሃ ገንዳ ውስጥ ነው ዘሎ የገባው። ውሃው ሲረጭ በግልጽ ይታያል። በ«ኦርፌ» ግን ጓንት ያጠለቁ እጆች ሜርኩሪ ውስጥ ይገባሉ። ሜርኩሪ እንደ መስታወት ምስል ያሳያል፤ እንደ ፈሳሽም እጅ ያስገባል። ያለ ኮምፒውተር እንዲህ የሚያሳምን ነገር መሥራቱ እስካሁን ያስደንቀኛል። ሁለቱን ፊልሞች ማምታታት ኮክቶ በሃያ ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደተራመደ ይሸፍናል።