ወንበር ላይ የዋለ ኮት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ በኅዳር ማለዳ ውርጭ ሣሩን የሚያነጣባት ከተማ መሆኗን የሚያውቅ ሰው፣ ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ በሸሚዝ ብቻ ከቢሮ የሚወጣውን ባልደረባችንን ሳያደንቅ ሊያልፍ አይችልም። ሌላ ጃኬት ሻይ ቤት በአደራ አስቀምጧል የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ እኔ ጃኬቱን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ምስክርነት አልሰጥም።

ኮቱን ግን በቅርብ አውቀዋለሁ። የመንግሥት ሠራተኛ በሳምንት 39 ሰዓት ይሠራል፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ስምንት ስምንት፣ ዓርብ ሰባት። ኮቱ ከዚህ አንዲት ደቂቃ አጉድሎ አያውቅም፤ እንዲያውም ለምሳ እንኳ አይነሣም። ባለጉዳይ መጥቶ «የት ሄዱ?» ሲል፣ ሳንመካከር ሁላችንም በአንድ ድምፅ «አሁን እዚህ ነበሩ፤ ኮታቸውም አለ» እንላለን። በሌሊት ተነሥተው ከመንዝ የመጡ አንድ አባት በቀደም ዕለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከኮቱ ጋር ተፋጥጠው ከዋሉ በኋላ፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው «በል እንግዲህ፣ ሲመጣ ንገረው» ብለውት ሄደዋል።

ሥራው ቀርቷል ማለት ግን አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ እኛ ዘንድ ሎሚውን በሙሉ መዝገብ ቤት ያለችው እኅታችን ታቅፋዋለች፣ ጌጡን እኛ ተካፍለነዋል። የእርሱን ፋይል በራሷ ላይ ደርባ አምሽታ ስትወጣ «እግዜር ይስጥሽ» ብለን እንመርቃታለን፤ ምርቃት በጀት አይጠይቅም። አለቃችንም ችግሩን በጥበብ ፈትተው፣ የእርሱን ድርሻ «ለጊዜው» ለእርሷ በደብዳቤ ካስተላለፉ እነሆ ሦስት ዓመት ሆናቸው።

አንድ ቀን ብቻ በስብሰባ ላይ ተነሥታ «እኛ አገር ወንፈል ቀኑ ይቆጠራል፤ ማሳዬ ላይ ላልዋለ ሰው ማሳው ላይ አልውልለትም» አለች። ይህን የገበሬ ጭካኔ ስንሰማ ሁላችንም ተሳቀቅን። የልጆች አባት ነው ተባለ፤ እንጀራው ላይ አንቁምበት ተባለ። እኔም ነገ በለቅሶ እንፈላለጋለን ስል አስተያየት ሰጠሁ፤ እውነቴን ነው፣ በሥራ ሰዓት የሚተከል የለቅሶ ድንኳን ሁሉ ካስማውን የሚመታው እርሱ ነው።

የመንፈቁ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ሲደርስ ቅጹን ኅሊናዬ እንደፈቀደው ሞላሁት። «በሥራ ገበታ ላይ መገኘት» የሚለው ጋ ስደርስ ቀና ብዬ ወንበሩን አየሁ፤ ኮቱ አለ፤ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። ለእርሷ ግን «ከባልደረቦች ጋር ተግባብቶ መሥራት» ከሚለው ላይ ሁለት ነጥብ ቀነስን፤ የወንፈሉን ነገር አልረሳነውም ነበር።