ብቸኛው ሰውና አራት ረዳቶቹ

ባለፈው እሑድ ማለዳ ዓሣ ለመብላት ወደ አሞራ ገደል ወርጄ፣ ስሜትን በማኅበራዊ ሚዲያ የማካፈል ጥበብ በሐዋሳችን የደረሰበትን ከፍታ በዓይኔ አይቼ ተመለስሁ። ቀድሞ የከፋው ሰው ለጎረቤቱ ቡና ላይ ያዋየውና አንድ ሙሉ ኀዘን ከአቦል እስከ በረካ አልቆ ይቀር ነበር፤ እንዴት ያለ ብክነት ነው! ዛሬ ግን በእኩለ ሌሊት «ሰው ክፉ ነው፤ ዝርዝሩን አልናገርም» ብለው የሚጽፉልን ቸር ወዳጆች አሉን። «ምን ሆንህ?» ስንላቸው «ኢንቦክስ» ይሉናል፤ ኢንቦክስ ስንገባ ደግሞ «ተወው፣ አልፏል»።

ወደ እሑዱ ልመለስ። ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ከሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ብቸኝነቱን ያስቀርጽ ነበር። ረዳቶቹ አራት ናቸው፤ አንዱ ስልኩን ይዟል፣ አንዱ በነጭ ካርቶን ፀሐይዋን ወደ ፊቱ ይመልሳል፣ ሦስተኛው ሕፃናትን ያባርራል፣ አራተኛዋ የዓይን ጠብታ ይዛ ትጠባበቃለች። የመጀመሪያው ቀረጻ እንባው ከቀኝ ዓይኑ ብቻ ስለ ወረደ ተሰረዘ። በሁለተኛው መረቡን የሚያራግፍ ዓሣ አጥማጅ ከኋላ ታየ፤ ብቸኝነት ውስጥ ሰው መታየት ስለሌለበት ጀልባውን ፈቀቅ እንዲያደርግ ተለመነ። በሦስተኛው የዓሣ አንጀት የለመደ አንድ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ በእርጋታ ተራምዶ መጣና ከጎኑ ቆመ፤ ራሱ የተመለጠ፣ ትከሻው የወደቀ፣ ከወጣቱ ይልቅ ከልቡ ያዘነ የሚመስል ፍጡር ነው። አባረሩት፤ ተመለሰ። አሁንም አባረሩት፤ ክንፉን ዘርግቶ ካርቶኑን ጣለባቸው። ያዘዝሁት ዓሣ ተጠብሶ፣ ቀርቦ፣ እሾሁ ብቻ ሲቀር ሰውየው ገና ብቻውን አልሆነም ነበር። በሰባተኛው ተሳካ። ማታ ቪዲዮው «ማንም የለኝም» ተብሎ ተለቀቀ፤ ከሥሩ አራቱም ረዳቶች «አይዞህ ወንድሜ» ብለው ጽፈዋል።

ሳይንሱ በዚህ ረገድ ወደ ኋላ የቀረ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔነቤከር ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች የደረሰባቸውን መከራ ለ4 ቀናት፣ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደርጎ፣ ክስተቱንም ስሜታቸውንም የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ማዕከል መመላለሳቸው ቀነሰ። ምስኪኖች፤ አንድ እንኳ ላይክ ያደረገላቸው አልነበረም! ፌስቡክም እ.ኤ.አ. በ2012 ከ689,003 ተጠቃሚዎቹ ገጽ ላይ ደስ የሚለውን ወይም የሚያስከፋውን ጽሑፍ ለአንድ ሳምንት ቀንሶ ሞክሯል። ደስታው የተቀነሰባቸው እነርሱም የሚጽፉት በጥቂቱ ወደ ኀዘን አዘነበለ። የገጾቹን ባለቤቶች በግልጽ ሳያስፈቅድ ማድረጉ ብዙ አስወቅሶታል፤ እኛን ግን በየማለዳው ማን አስፈቅዶን ያውቃል?

ከዚህ በኋላ ያለውን ሳልቀልድ ልናገር። በሠፈራችን አንዲት ልጅ «ደክሞኛል» ብላ ጻፈች። ይህች ቃል በየዕለቱ በሐሰት ስትነገረን ስለ ኖረች የሚስቅ ፊት አስቀመጥንላት፤ «ደግሞ ጀመረች» ያለም ነበር። ሆስፒታል መተኛቷን የሰማነው በሦስተኛው ቀን ከእናቷ ነው። እንባን ገበያ ያወጣችሁ ሁሉ፣ ከዚህች ልጅ ላይ የሰረቃችሁት ሰሚ ጆሮ ነው! የእኔም ጆሮ ተሰርቋል ብዬ እንዳላመካኝ፣ በሯ ከበሬ አርባ እርምጃ አይርቅም፤ አላንኳኳሁም።

የወጣቱ ቪዲዮ ግን እጅግ ተወዷል። የክፍል ሁለት ቀረጻ ለመጪው እሑድ ተቀጥሯል፤ ረዳቶቹም አምስት ሆነዋል።