ዓለማት ስንት ናቸው? የሁለት ጎረቤታሞች ክርክር

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህርና አንድ ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያ ኳንተም ሜካኒክስ (የአቶሞችንና የብርሃንን ጠባይ የሚገልጸው ፊዚክስ) ትይዩ ዓለማትን እንድንቀበል ያስገድደናል ወይ በሚለው ተሟገቱ፤ በጽሑፍም እንዲህ ቀጠሉ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ በሌዘሩ ፊት አንዲት ፀጉር ወጥረን ስንይዝ ግድግዳው ላይ ያረፈው ተራ ጥላ ሳይሆን፣ ብርሃንና ጨለማ እየተፈራረቁ የተደረደሩበት መስመር እንደነበር አብረን አይተናል። ጄፍሪ ቴይለር በ1909 አንድ ፎቶግራፍ ለማንሳት ሦስት ወር ያህል እስኪፈጅ ድረስ ብርሃኑን ቢያደበዝዘውም፣ በመርፌ ጥላ ዙሪያ ያገኘው ያንኑ ነበር። ፎቶኖች፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶች፣ አንድ በአንድ ሲላኩም ነጥቦቹ ተጠራቅመው ይህንኑ ይሠራሉ፤ የቅንጣቶችን ሞገድ ጉዞ የሚያሰላው የሽሮዲንገር እኩልታ ከፀጉሯ የግራውንም የቀኙንም መንገድ ይዞ የሚጓዘው ለዚህ ነው። የተለመደውን የኮፐንሃገን አተረጓጎም የሚከተሉ ወገኖች ልኬት ሲደረግ አንዱ ይቀራል፣ ሌላው ይጠፋል ይላሉ፤ ያ መጥፋት ግን በእኩልታው ውስጥ የለም፣ ከውጭ የተለጠፈ ነው። ሂዩ ኤቨረት በ1957 ልጥፉን አነሣው፦ ለኪውም ለዚያው እኩልታ ይገዛል፣ ውጤቶቹ ሁሉ በየራሳቸው ዓለም ይፈጸማሉ፣ እርሱም አብሯቸው ይከፈላል።

መምህሩ፦ ልጄ፣ ከልጥፉ ጋር ምን አብሮ እንደተነሣ ልብ ብለሃል? ስሌታችንን ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር የሚያገናኘው ማክስ ቦርን በ1926 ያቀረበው፣ የእያንዳንዱን ውጤት ዕድል የሚነግረን ሕግ ነው። የአንዱ ውጤት ዕድል ዘጠና፣ የሌላው ዐሥር በመቶ ነው እንበል። በአንተ አካሄድ ሁለቱም በእርግጥ ይፈጸማሉ፤ ታዲያ ዘጠናው የምን ዘጠና ነው? በዕቁባችን የመጀመሪያው ዕጣ ለአንድ ሰው ብቻ ስለሚወጣ ነው ዕድሌ ከሃያ አንድ ነው የምንለው፤ ለሃያችንም በየዓለማችን ከወጣ፣ ሰብሳቢው ምኑን ዕጣ አለው?

ወጣቱ፦ ጥያቄው ከባድ መሆኑን አልክድም። ዴቪድ ዶይች በ1999 እንደተከራከረው፣ በተከፈሉት ዓለማት፣ በቅርንጫፎቹ፣ ላይ የሚወራረድ ምክንያታዊ ሰው የቦርንን ሕግ ከመከተል ሌላ ምርጫ የለውም። ይልቅ የእርስዎ ወገን የሞገድ ጠባይ የሚያበቃበትን ድንበር ያሳየን፤ በ2019 ቪየና ውስጥ እስከ 2000 አቶም የያዙ ሞለኪውሎች እንደ ሞገድ ሲሆኑ ታይተዋልና።

መምህሩ፦ የድንበር አለመገኘት ለኤቨረት ብቻ አይመሰክርም። ዴቪድ ቦም በ1952 ባቀረበው ሐሳብም የሚጠፋ ሞገድ የለም፤ ቅንጣቱ ግን በአንድ መንገድ ብቻ ይሄዳል፣ ዓለምም አንድ ናት። ዋጋው የተራራቁ ቅንጣቶች በቅጽበት መነካካታቸው ነው፤ እርሱን እኔ እከፍላለሁ። ዶይች ሰው እንዴት መወራረድ እንዳለበት ነገረን እንጂ ግድግዳችን ላይ ስለታየው ነገር አልነገረንም። በአንተ ዓለማት ውስጥ፣ ያችኑ ፀጉር ወጥረው ነጥቦቹ ያለ መስመር ተበታትነው ያዩ እኛን መሰሎች አሉ፤ እኛ ስለምን ከእነርሱ እንዳልሆንን በዕድል ሳታመካኝ አስረዳኝ።