ለክቡር አቶ ጉንፋን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በመሥሪያ ቤታችን ስላሳዩት የሥራ ትጋት

ክቡር ሆይ፣

ደብዳቤዬን «ጤና ይስጥልኝ» ብዬ ልጀምር አሰብኩና ተውኩት። ለእርስዎ ጤና መለመን በራሴ ላይ መፍረድ ስለሆነ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። በመሥሪያ ቤታችን አንድም ቀን ቀሪ ሆነው የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከሒሳብ ክፍል ሲወጡ መዝገብ ቤት ይገባሉ፤ ከመዝገብ ቤት ሲወጡ ግዥ ክፍል ይጠብቅዎታል። ራይኖቫይረስ ከሚባሉት ዘመዶችዎ ብቻ ከ100 በላይ ዓይነት እንዳሉ አንብቤያለሁ። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይተካል፤ ክፍት የሥራ መደብ የሚባል ነገር እናንተ ዘንድ የለም።

የስኬትዎን ምስጢር ፈልጌ ያገኘሁት በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ነው። ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት አይከፈሉትም። እርስዎ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው በብርቱ የሚሻገሩት በእነዚያው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ደንቡን ያረቀቀው ሰው ከእርስዎ ጋር ካልተማከረ በቀር ነገሩ እንዲህ መግጠሙ ይደንቃል። (ለነገሩ እርሱ ብቻ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው ስለ ሕክምናና ስለ ሕመም ክፍያ የሚደነግገው ስምምነት ቁጥር 130 ራሱ፣ የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ሳይከፈሉ እንዲያልፉ በር ትቶልዎታል።)

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይሉ ነበር። እኛ ቢሮ በሽታውን የደበቀ ደመወዝ አለው።

ያለፈው ሰኞ ጠዋት የሆነውን ራስዎ አይተዋል። መግቢያው በር ላይ ባለው የጣት አሻራ መሣሪያ ፊት ተሰልፈን ነበር። ከፊቴ የቆመችው የመዝገብ ቤት ባልደረባዬ በቀኝ መዳፏ ላይ አስነጠሰች፤ «ይቅርታ» አለችና አውራ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። መሣሪያው «እናመሰግናለን» አላት። ተራው የእኔ ሆነ። እርጥበቱ ገና አልደረቀም። ልተወው አሰብኩ፤ ግን አሻራ ያልሰጠ ቀሪ ነው፣ ቀሪ ደግሞ አይከፈለውም። አሳረፍኩ። መሣሪያው እኔንም አመሰገነኝ። ረቡዕ ዕለት አፍንጫዬ መልስ ሰጠ።

እርሷን አልወቅስም። ልጇ ሌሊቱን ሙሉ ሲያተኩሰው እንዳደረ ኋላ ነግራኛለች። እርስዎ አንድን ሕፃን በዓመት ስድስትም ስምንትም ጊዜ እንደሚጎበኙ ሐኪሞች ይናገራሉ፤ የእናቲቱ ፈቃድ ለስንቱ ይበቃል? «ልጄ ታመመ» ብሎ ፈቃድ የሚጠየቅበት ቅጽ ሰው ኃይል አስተዳደር ዘንድ የለም። ለጠፋ የመሳቢያ ቁልፍ ግን አለ፤ በሦስት ቅጂ ይሞላል። ያው የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 165፣ ልጅ የታመመበት ሠራተኛ ሴትም ትሁን ወንድ ፈቃድ ማግኘት መቻል አለበት ይላል። «ወንድ» የምትለው ቃል አለቃችንን ታስቃቸዋለች። አምና ልጄን ሐኪም ቤት ልወስድ ብዬ ስጠይቃቸው «እናቱ የት ሄደች?» አሉኝ። የት ትሄዳለች? በሌላ መሥሪያ ቤት፣ በሌላ የጣት አሻራ መሣሪያ ፊት ተሰልፋ ነበር።

ስለ ሐኪም ማስረጃውም ባላነሳ ደግ ነበር። ትኩሳት ይዞት የተነሣ ሰው ግማሽ ቀን ወረፋ ይቆማል። ሐኪሙም «ቤቱ ይረፍ» ብሎ ይጽፍለታል። ያንን ወረቀት ይዞ ቢሮ ድረስ መምጣት ያለበት ግን ታማሚው ራሱ ነው። እርስዎም አብረውት ይመጣሉ።

አለቃችን «የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ ድርጅቱን ያከስራል» ይላሉ። እርስዎ ሲያከስሩት አይታያቸውም፤ በሒሳብ መዝገቡ ላይ በስምዎ የተከፈተ ዓምድ የለማ! ሐሙስ ዕለት ከአሥራ አንዳችን ሰባታችን እየሳልን አንዲት ደብዳቤ ሦስት ጊዜ በስሕተት አትመን ሦስት ጊዜ ቀደድን። ጀርመን የሠራተኞችን የሕመም መድን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1883 መሆኑን ብነግራቸው «የእኛም በጥናት ላይ ነው» ብለው አሰናበቱኝ።

ክቡር ሆይ፣ አንድ ልመና አለኝ። እስካሁን የሚመላለሱት በታችኛው ፎቅ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጃችን የራሳቸው በር አላቸው፤ አሻራም አይሰጡም። ሲያማቸው ቤታቸው ይተኛሉ፣ ደመወዛቸውም አይነካም። ያ አሠራር አንድ ፎቅ ቢወርድ እርስዎ ሥራ ሊፈቱ ይችላሉና፣ ከአሁኑ ሌላ መሥሪያ ቤት ቢያፈላልጉ ይሻልዎታል።

ከአክብሮትና ከሳል ጋር

ግልባጭ፦
ለሰው ኃይል አስተዳደር (ፖስታውን በምራቄ ስላሸግሁት በጥንቃቄ ይከፈት)